ክላርኔቱ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር በባተ ሰሞን፣ የአጎቴ ልጅ ከመንዝ ስልክ ደወለልኝ። ስለ ጤና፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጆቹ ከተጠያየቅን በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ያ የአባባ ክላርኔት ገዢ አገኘ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«ሰውየው የሚገዛው የአርባ ልጆች መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? መጥተህ አረጋግጥልን።»

ጋዜጠኝነትን በዲፕሎማ ስማር ዜናን ከወሬ ስለ መለየት ተነግሮኛል። ክላርኔትን ከክላርኔት ስለ መለየት ግን ያስተማረኝ የለም። ቢሆንም እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። በልጅነቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ጓሳ ግርጌ ስላክ፣ አጎቴ ያንን ጥቁር እንጨት ከሳጥኑ አውጥቶ በጨርቅ ሲወለውል አየው ነበር። ሲነፋው አንድም ቀን አልሰማሁም። ከየት እንዳመጣው ስንጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ከአርመኖቹ ነው፤ ከአርባ ልጆች።» እኛም ለጎረቤት ልጆች እየፎከርንበት አደግን።

ገዢ የተባለው አዲስ አበባ የሚኖር የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ነው። መሐል የገባው ደላላ ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ፣ ታሪኩን በስልክ ብቻ ሰምቶ፣ «የእነርሱ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም» ብሎታል። የተጠራው ዋጋ የሣር ክዳኑን ቤት በቆርቆሮ ለውጦ፣ ደብረ ብርሃን ለምትማረው ልጅ የዓመት የቤት ኪራይ ይተርፋል። እንግዲህ አንባቢ እንደሚረዳው፣ የተጠራሁበት ጉዳይ የሙዚቃ ታሪክ ብቻ አልነበረም።

አርባዎቹ

የአውሮፓ ትንፋሽ መሣሪያ ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባው ከአርባ ልጆች በፊት ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒቆላይ ሁለተኛ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው ነበር። በሰው ልብ ጸንቶ የቀረው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለጉብኝት ሲሄዱ መጀመሪያ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። እዚያም በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ፣ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በሕዝባቸው ላይ ከወረደው እልቂት የተረፉ፣ እናትና አባት የሌላቸው ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩ። ከገዳሙ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መስከረም 1924 መሆኑ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት ፍጻሜ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኛ ያሠለጠነ፣ የሀገራችንን ዜማ ለትልልቅ ባንዶች ያቀናበረ ባለሙያ ነበር።

ቁም ነገሩ ስማቸው ከሙዚቃቸው በላይ መግዘፉ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ ሁሉ ዐድዋ ዘምቷል። በየገጠሩ የሚገኝ ያረጀ ብራና ሁሉ ከግራኝ ቃጠሎ ተርፏል። እንደዚሁም በሀገራችን የተገኘ አሮጌ ጥሩምባ ሁሉ ከአርባ ልጆች እጅ የወጣ ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ሰው ለሚወደው ዕቃ የሚያውቀውን ትልቁን ስም ይሰጠዋል።

የአርባ ልጆች ጓድ በታሪክ የሚታወቀው በነሐስ ባንድነቱ ነው። ክላርኔት ደግሞ የእንጨት ዘር ነው። ይህ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ነበር። ሆኖም የሰልፍ ባንዶች ከነሐሱ መሐል ክላርኔት ማስገባታቸው በዓለም ሁሉ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ወደ መንዝ ከመውጣቴ በፊት ክላርኔት ከሚያስተምር አንድ ወዳጄ ቤት ሄድሁ።

«ስሙን መጨረሻ አንብብ»

ወዳጄ የራሱን ክላርኔት ጠረጴዛ ላይ በአምስት ቁራጭ ፈታታው። ከላይ በአፍ የሚያዘው ማውዝፒስ፣ ቀጥሎ አጭሩ በርሜል፣ ከዚያ ቁልፍ የተደረደረባቸው የላይኛውና የታችኛው አካል፣ በመጨረሻም እንደ እምቢልታ አፍ የሰፋው ግርጌ። «ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው» አለና ግርጌውን አነሣ፤ «የፋብሪካው ስም በጉልህ የሚጻፈው እዚህ ላይ ነዋ። ግን ተመልከት፣ እንደ ኮፍያ ወልቆ የሚገባ ነው። ሰውን በኮፍያው አትለየውም። ስሙን መጨረሻ አንብብ።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የክላርኔትን ስም የሚያወጣው ፋብሪካ ነው፤ አንዳንዴም ነጋዴ ነው።

ምርመራው ከእንጨቱ ይጀምራል። ጥሩ ክላርኔት የሚሠራው ከምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ከሚበቅል ጥቁር እንጨት ነው። የዓለም ፋብሪካዎች ይህን እንጨት በብዛት የሚያገኙት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ቢሆንም፣ ዛፉ በእኛም ሀገር በመተማና በሑመራ ቆላ ይበቅላል። ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል እንጂ አይንሳፈፍም። ከዚህ ሌላ ኢቦናይት ከሚባል ጠንካራ ጎማ የተሠሩ ክላርኔቶች አሉ። እነርሱን በጣት አጥብቀው ሲያሹአቸው የድኝ ሽታ ይሸታሉ፤ ፀሐይ ሲመታቸውም ጥቁረታቸው ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለወጣል። ፕላስቲኩ ደግሞ በቅለቱና የእንጨት ሥር ስለሌለው ይታወቃል።

ቀጥሎ ቁልፉ ይቈጠራል። ክላርኔትን እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ የፈጠረው የኑረምበርጉ ዴነር ነው። ዛሬ በብዙ ሀገር የምናየውን ባለ 17 ቁልፍና ባለ 6 ቀለበት አሠራር ያወጡት ደግሞ ፓሪስ ላይ ክሎዜ የተባለው ሙዚቀኛና ቡፌ የተባለው መሣሪያ ሠሪ ናቸው። በ1839 ለሕዝብ አሳይተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈጠራ መብት አገኙበት። ቁልፉ አነስ ያለው የቀድሞው አሠራርም ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አብሮ ኖሯል። ስለዚህ ቁልፍ መቍጠር ወገኑን ይነግራል እንጂ ዕድሜውን ለብቻው አይነግርም።

ዕድሜን ለማወቅ ቁጥርና የሀገር ስም ይሻላሉ። በብዙ ፋብሪካዎች ልማድ በላይኛውና በታችኛው አካል ላይ አንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥር ይመታል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሁለት ክላርኔት አንድ ላይ ተጋብቷል ማለት ነው። በርሜሉና ግርጌው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የላቸውም። የሀገር ስም ደግሞ ልደትና ሞት አለው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ከ1949 በፊት በተሠራ ዕቃ ላይ ሊገኝ አይችልም። «ቼኮስሎቫኪያ» የሚልም ከ1918 በፊት አይኖርም፤ ሀገሪቱም በ1992 ማብቂያ ለሁለት ተከፍላ ስሟ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ ተነሣሁ።

በባና የተጠቀለለው

ከደብረ ብርሃን አልፎ ከጣርማበር ወደ መዘዞና ወደ ሞላሌ የሚታጠፈውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ፣ መሐል ሜዳ ሲደርስ ብርዱ እንዴት እንደሚቀበለው አይጠፋውም። ጓሳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። በኅዳር ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይተኛል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተኰልኵለው ይሞቃሉ።

የአጎቴ ልጅ ክላርኔቱን በመንዝ ባና ጠቅልሎ ከአልጋ ሥር አወጣው። ሳጥኑ ተከፈተ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የአጎቴ ባለቤት፣ ዛሬ መንኵሰው እማሆይ የምንላቸው፣ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው መቍጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

የወዳጄን ምክር ለመጠበቅ ብሞክርም የአጎቴ ልጅ ቀደመኝ። ግርጌውን ወደ ኩራዙ አስጠጋና በእንግሊዝኛ ትምህርቱ እየታገዘ አነበበ፦ «ቡፌ ክራምፖን፣ ፓሪስ!» የቤቱ ሰው እልል ሊል ምንም አልቀረው። ቡፌ ክራምፖን እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ የሚሠራ፣ ዛሬም በክላርኔት ስሙ የሚጠራ የፈረንሳይ ቤት ነው። እኔም አልክድም፣ ልቤ ደንገጥ አለ።

ከዚያ እንደ ተመከርሁት ከእንጨቱ ጀመርሁ። እንጨት ነው፤ ሥሩ ይታያል። ቁልፉ 17፣ ቀለበቱ 6። በሁለቱ አካላት ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ነው። እስከዚህ ሁሉ መልካም ነበር። ከቁጥሩ ከፍ ብሎ ግን እጅ ያደበዘዘው ሌላ ጽሑፍ አለ። ጥቂት የኖራ ዱቄት በጣቴ አሸሁበትና ፊደሉ ነጭ ሆኖ ወጣ፦ «አማቲ፣ ክራስሊትሴ»። ከሥሩም «በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ»።

አማቲ በክራስሊትሴ ከተማ የሚገኙ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ያቋቋሙት ማኅበር ነው። አርባ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ ማኅበሩ ሊወለድ ሃያ አንድ ዓመት ይቀረዋል።

«ግርጌው ፓሪስ ይላል እኮ!» አለኝ የአጎቴ ልጅ።

ግርጌውን አወለቅሁት። የገባበት ቦታ ሰፍቶት ኖሮ ቡሹ ላይ ክር ተጠምጥሞ እንዲጠብቅ ተደርጓል። በጠርዙ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት ወደ ቢጫ ያደላል፤ የሌላው አካል ብረት ግን ነጭ ነው። የሰው ኮፍያ ያጠለቀ ክላርኔት ነበር። ግርጌው በራሱ የ1924 ሊሆን አይችልም ወይ ብትሉኝ፣ ሊሆን ይችላል እላለሁ። በ«ሊሆን ይችላል» እና በ«ነው» መካከል ያለውን ገደል ግን ደላላ በአንድ ስልክ ይሻገረው ይሆናል እንጂ እኔ ልሻገረው አልቻልሁም።

አንድ ሌላ ነገር አየሁ። የላይኛው አካል ከጫፉ እስከ ሁለተኛው ቀዳዳ ድረስ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በሰም ተሞልቶ በቀጭን ጅማት ሦስት ቦታ ታስሯል። በጥንቃቄ የተሠራ የሀገር ቤት ጥገና ነው። ገዢው በፎቶግራፍ ያየውና ዋጋ ለመቀነስ እንደ ሰበብ ያነሣው ይህንኑ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ዕቃውን ቀምቶኝ ጠቀለለው። በዚያ ሌሊት ደህና እደር ያለኝ የለም።

ጓሳና አቅኚ አባት

ጠዋት ብቻዬን ወደ ጓሳው ወጣሁ። ጓሳ ማለት ቦታውም ሣሩም ነው። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለከብት የሚታጨድ ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከአስራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና በሽማግሌ ውሳኔ ይከፈታል፤ ዘግቶ ሳለ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። ይህ የቀሮ ሥርዓት የመሬት ለአራሹ ዐዋጅ እስከታወጀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ ኖረ። ዛሬ በእግሩ የተተካው የአካባቢው ማኅበረሰብ ጥበቃ ነው። በመላው ዓለም ቁጥሩ ጥቂት የሆነው ቀይ ቀበሮ እስካሁን በዚያ መኖሩ የዚሁ ጥበቃ ፍሬ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ግን ከጓሳው የማጨድ መብት የሚያገኘው ማን ነበር? አቅኚ አባት ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለድ ነው። ይህንንም ያለ ሰው ዝም ብሎ አይታመንም። ከአቅኚው እስከ ራሱ በአባትም በእናትም መቍጠር አለበት። ከማን ለማን፣ ከዚያስ ለማን? በመሐል አንድ ስም ቢዘል ጎረቤት ይሞግተዋል። «የጌራ ነኝ» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው መሐሉ ነው።

ይህን ሳስብ ማታ ያጠፋሁት ነገር ገባኝ። የመረመርሁት ክላርኔቱን የሠራውን እንጂ ክላርኔቱን የያዘውን አልነበረም። ፋብሪካውን አገኘሁት፤ ከፋብሪካው እስከ አጎቴ አልጋ ሥር ያለውን መሐል ግን ማንንም አልጠየቅሁም። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

የእማሆይ ቃል

«እማሆይ፣ ጋሼ ክላርኔቱን ከየት ነው ያመጡት?» አልኋቸው።

«ሰምተህ የለ? ከአርመኖቹ።»

«ጽሑፉ አይደለም ይላል።»

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እንግዲህ እሱም ሞቷል፣ ንጉሡም ሞተዋል፣ ምን ያስፈራል» ብለው ጀመሩ።

አጎቴ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ነበር። ይህን እናውቃለን። የማናውቀው ግን ክላርኔቱ የመንግሥት አለመሆኑን ነው። አሮጌ ዕቃ ከነበረው ከአንድ የሥራ ባልደረባው ላይ ከደመወዙ እየቈረጠ በየወሩ ከፍሎ የገዛው ነው። የቀድሞው ግርጌ ወድቆ ስለተሰበረ ከሌላ አሮጌ ክላርኔት የተረፈ ፈልጎ ገጠመለት። ለግዢው ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ክብር ዘበኛን ይዘው ተነሡ። ነገሩ በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ብዙ የክብር ዘበኛ ወታደር ተገደለ፣ ተማረከ፣ ታሰረ፤ ክፍሉም ተበተነ። መድረክ ላይ የሚዘፍኑትም አልተረፉም። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ የክብር ዘበኛ ድምፃዊ ስለነበረ ታስሯል።

«እሱ ግንቦት ላይ ነው የመጣው» አሉኝ እማሆይ፤ «ልብሱን ቀይሮ፣ በእግሩ። ያንን እንጨት እንደ ሕፃን በጋቢ ታቅፎታል። ‹ከየት አመጣኸው ቢሉህ ምን ትላለህ?› አልሁት። ወረቀት የለው። የክብር ዘበኛ ነው ቢል ዘረፈ ይሉታል፤ ገዛሁ ቢል ማን ያምነዋል? ‹ከአርመኖቹ ነው በይ› አለኝ። አርመኖቹን ጃንሆይ ራሳቸው ያመጧቸው ናቸው፤ በእነሱ ስም ማን ይናገራል? እኔም አልሁ። ልጆቼም አሉ። ስንለው ስንለው እውነት ሆነ።»

ስንጥቁንስ?

«እሱማ እዚሁ ነው። በመጣ በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ገና ሳይነጋ ወደ ጓሳው ወጥቶ ነፋው። እዚህ ከመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነፋው። ቀው! ሲል እኔ ከበረት ሆኜ ሰማሁት። ተመልሶ ሲመጣ አላናገረኝም። ሰሙንና ጅማቱን እኔ ነኝ ያቀረብሁለት።»

አዲስ አበባ ተመልሼ ይህን ለወዳጄ ነገርሁት። ምንም አልገረመውም። የእንጨት ክላርኔት ውርጭ ላይ ሲወጣ ከውጭ ይቀዘቅዛል። የሰው ትንፋሽ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ውስጡን በድንገት ያሰፋዋል። ውጭው እንደ ተኰማተረ ውስጡ ሲሰፋ እንጨቱ ይፈነዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰነጠቀው ለአፍ የሚቀርበው የላይኛው አካል ነው። በቆላ የበቀለ እንጨት በጓሳ ጥር ከዚህ የተለየ ነገር አይጠብቀውም። የእማሆይ ቃል ከእንጨቱ ጋር ገጠመ። በቀለበቱና በክሩ ላይ ያየሁትም ስለ ግርጌው ከነገሩኝ ጋር ገጠመ። የማኅበሩ ዕድሜም ከ1953 ጋር አይጋጭም። ወረቀት ግን ዛሬም የለም፤ ስለዚህ የእርሳቸውን ቃል እንደ ቃል እንጂ እንደ ማኅተም አልቈጥረውም።

ለሰብሳቢው ያገኘሁትን ሁሉ እንዳለ ነገርሁት። ምስጋናውን አቅርቦ ሐሳቡን ለወጠ። የአርባ ልጆችን ዕቃ ፈልጎ እንጂ በውርጭ የተሰነጠቀ የቼክ ክላርኔት ፈልጎ አልነበረም፤ አልፈርድበትም። ቤቱ እስከ ዛሬ ክዳኑ ሣር ነው። የአጎቴ ልጅ ቂም አልያዘብኝም ቢልም፣ በእንቍጣጣሽ ሲደውል ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም። ዝም ብልስ ምን ነበረበት? እያልሁ የማስብበት ቀን አለ። ገዢው ሀብታም ነው፤ አርባዎቹም አልፈዋል፤ የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አጎቴ በፍርሃት የተናገረውን እኔ በገንዘብ ብደግመው፣ በወር በወር ከደመወዙ እየቈረጠ የገዛው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይሰረዝ ነበር።

ከመንዝ ከመነሣቴ በፊት ለቤተሰቡ አንድ ወረቀት ጽፌ በሳጥኑ ውስጥ አኖርሁ። በሦስት ከፈልሁት፦ የተረጋገጠ፣ የተነገረ፣ የማይሆን። በመጀመሪያው ሥር ማኅበሩን፣ ከተማውን፣ የሁለቱን አካላት ቁጥር፣ ግርጌው የሌላ መሆኑን ጻፍሁ። በሦስተኛው ሥር አርባ ልጆችን ጻፍሁ። በመካከለኛው ሥር የእማሆይን ቃል በሙሉ አስፍሬ፣ እንዳነብላቸው ስላዘዙኝ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው መስመር በጸጥታ አዳመጡኝ፦ «የላይኛው አካል የተሰነጠቀው በጥር ወር 1954 ዓ.ም.፣ ጓሳ ላይ ነው።»

«ጥር ብለህ አትለፈው» አሉኝ፤ «የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው።»

ብዕሬን አውጥቼ «ጥር 12 ቀን» ብዬ አረምሁት።